የ500 ዶላር ጫማና የሱሉልታ ልጆች

ትዕግስት አሰፋ በ2023 በርሊን ላይ ማራቶኑን በ2:11:53 ስትጨርስ አገር በሙሉ አጨበጨበ። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የሩጫው መዝገብ በዚያ ስለሆነ እንዳንምታታ።) የሴቶቹን የዓለም ክብረ ወሰን በአንድ ጠዋት ከሁለት ደቂቃ በላይ ቆረጠችው። በማግስቱ ግን ወሬው የእሷ ብቻ አልነበረም፤ የጫማዋም ነበር። አዲዳስ የሠራው ነው። የአንዱ እግር ክብደት 138 ግራም፣ ዋጋው 500 ዶላር። መጀመሪያ ለገበያ የወጣው 521 ጥንድ ብቻ ነው። ኩባንያው ራሱ ሲሸጠው ጫማው የተሠራው ለአንድ ማራቶንና ከዚያ በፊት እግር እስኪለምደው ድረስ ለሚሮጥ ትንሽ ልምምድ መሆኑን ተናግሯል።

500 ዶላር፣ ለአንድ ሩጫ።

ከትዕግስት ጋር ጸብ የለኝም። ሪዮ ኦሎምፒክ ላይ 800 ሜትር የሮጠች ልጅ በማራቶን እዚህ መድረሷ የሥራዋ ፍሬ ነው፤ ያንን ጫማ እኔ ባደርገው አምስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ አስፋልት ዳር ተቀምጬ ነው የምትገኙኝ። የኔ ጥያቄ ስለ ሌላ ሰው ነው። ዛሬ ንጋት ላይ ሱሉልታ ሜዳ ላይ በጭጋግ ውስጥ ሲሮጥ ስለነበረው፣ ስሙን ገና ማንም ስለማያውቀው ልጅ። ሩጫ ይህንን አገር የሚያስከብረው ዋና ነገር የሆነው የመግቢያ ዋጋ ስላልነበረው ነው። ብስክሌት ብስክሌት ይፈልጋል፣ ዋና ገንዳ ይፈልጋል፣ ኳስ እንኳ ቢያንስ ኳስ ይፈልጋል። ሩጫ ሳንባና እግር ይበቃው ነበር። አሁን ግን ማንም ሳያውጅ በሩ ላይ ተቆጣጣሪ ቆሟል፤ ትኬቱም ዶላር ነው።

መጀመሪያ ጫማው ምን እንደሚሠራ እንግባባ። ብዙ ሰው «ጫማ ሯጭ አያደርግም» ይልና ጨዋታውን እዚያው ይዘጋዋል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ድረስ የማራቶን ጫማ ማለት ስስና ቀላል ማለት ነበር። ኃይሌ ገብረሥላሴ በ2008 በርሊን ላይ 2:03:59 ሲገባ ያጠለቀው እንዲያ ያለውን ነው። በ2017 ናይኪ ቬፐርፍላይ የሚባለውን ሲያወጣ ነገሩ ተገለበጠ፤ ሶሉ ወፍራም ሆነ፣ ጫማው ግን ክብደት አልጨመረም። ምሥጢሩ ሁለት ነው። አንደኛው ስፖንጁ ነው። የድሮው ስፖንጅ እንዳረጀ ፍራሽ ነው፤ ስትረግጡት ይሰምጣል፣ ከሰጣችሁት ጉልበት ብዙውን ውጦ ያስቀራል። አዲሱ፣ ፔባ የሚሉት፣ ይመልሳል። በአሜሪካ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሲለኩት አንድ የናይኪ ስስ የውድድር ጫማ ከገባበት ጉልበት 66 ከመቶውን፣ የአዲዳሱ 76 ከመቶውን፣ አዲሱ ጫማ ደግሞ 87 ከመቶውን መለሰ። ሁለተኛው በስፖንጁ መሃል የተቀበረው ስስ የካርቦን ዝርግ ነው። ጫማው ጣት ጋ እንዳይታጠፍ ያደርገዋል፤ ከፊት ቀና ካለው ሶል ጋር ተባብሮም እግሩን ወደ ፊት ያንከባልለዋል። ልጆቹ ጫማውን በአጭሩ «ካርቦን» የሚሉት ለዚህ ነው።

በዚያ ጥናት የተሳተፉ 18 ሯጮች በአንድ ዓይነት ፍጥነት ሲሮጡ በአዲሱ ጫማ በአማካይ 4 ከመቶ ያነሰ ጉልበት ነው ያወጡት። ጥናቱን የደገፈው ናይኪ ነበር፤ ሌሎችም በየላቦራቶሪያቸው ለክተው ግን ከዚያ ብዙ ያልራቀ ቁጥር አግኝተዋል። 4 ከመቶ ጉልበት ማለት 4 ከመቶ ሰዓት ማለት አይደለም፤ ፍጥነት ሲጨምር የንፋሱ ግፊትም ስለሚጨምር ትርፉ ይቀንሳል። ግማሹን ብቻ ውሰዱ እንኳ። 2 ሰዓት ከ10 ለሚሮጥ ሰው 2 ከመቶ ማለት ሁለት ደቂቃ ተኩል ነው። በማራቶን ዓለም ሁለት ደቂቃ ተኩል ስም ባለውና በሌለው መካከል ያለው ርቀት ነው።

እኔም በወጣትነቴ ለአንድ ክለብ 5 ሺህ ሜትር ሮጫለሁ። በእኛ ጊዜ በጥሩና በመጥፎ ጫማ መካከል የነበረው ልዩነት የውሃ መቋጠር ነበር። ጥሩ ጫማ ያደረገ ተረከዙ አይላጥም፣ መጥፎ ያደረገ ይላጣል፤ ሰዓታችን ግን ያው ነበር። ስለዚህ «ድሮም ጫማ ያለውና የሌለው ነበር» የሚለኝን ሰው አልቀበለውም። ነበር፤ ግን ያኔ ጫማ ደቂቃ አይሸጥም ነበር።

መሙም ላይ ያው ነው። የቀነኒሳ በቀለ የ5 ሺህ ክብረ ወሰን፣ 12:37.35፣ 16 ዓመት ቆየ። የ10 ሺሁ፣ 26:17.53፣ 15 ዓመት ቆየ። ሁለቱንም ዩጋንዳዊው ጆሹዋ ቼፕቴጌ በ2020፣ በሁለት ወር ልዩነት ውስጥ፣ አዲሱን የመም ጫማ አድርጎ ሰበራቸው። ያኔ እኛ ሰፈር ብዙ ሰው «ጫማው ነው» ብሎ ተናደደ። ለነገሩ እኔም ተናድጃለሁ። ግን ፍትሐዊ እንሁን፤ በዚያው ምሽት፣ በዚያው የቫሌንሲያ መም ላይ፣ ለተሰንበት ግደይ የጥሩነሽ ዲባባን 12 ዓመት የቆየ የ5 ሺህ ክብረ ወሰን ሰብራለች። ቀነኒሳም ራሱ በ37 ዓመቱ፣ በ2019 በርሊን ላይ፣ አዲሱን ጫማ አድርጎ 2:01:41 ሮጧል፤ ለዓለም ክብረ ወሰን የጎደለው ሁለት ሰከንድ ብቻ ነበር። ጫማው የወሰደብን አለ፣ የሰጠንም አለ። ከላይ ላሉት ሒሳቡ ይጣጣል። የማይጣጣው ከታች ላሉት ነው።

ከታች ያለውን ላሳያችሁ።

የእህቴ ልጅ 19 ዓመቱ ነው። ለአንድ ክለብ ይሮጣል፤ ክለቡን አልጠራውም። ክለቡ በዓመት አንድ ጥንድ የልምምድ ጫማ ይሰጠዋል፤ በቀን ሁለቴ ለሚሮጥ ልጅ ያ ጫማ ሦስት ወር ቢቆይ ነው። ከዚያ በኋላ ሊስትሮ ጋ ይሄዳል፣ ሶሉ በማስቲሽ ይለጠፋል፣ እንደገና ይገነጠላል። ይህ ለልምምድ ነው። ለውድድር ካርቦን ያስፈልገዋል፤ ተራው ካርቦን 250 ዶላር አካባቢ ነው። በዛሬው ምንዛሬ ከ30 ሺህ ብር በላይ መሆኑ ነው። እናቱ መምህር ናት፤ የሁለት ወር ደመወዟን ሳትበላ ብታስቀምጥ አይገዛውም።

ስለዚህ ልጆቹ ገበያ ፈጥረዋል። ውጭ ሮጦ የመጣ አትሌት የሮጠበትን ጫማ ይሸጣል፤ ገዢው የሚጠይቀው «ስንት ማራቶን ሮጧል?» ብሎ ነው፣ ልክ ያገለገለ መኪና ስንገዛ ስንት ኪሎ ሜትር ነድቷል እንደምንለው። ብዙ ማራቶን የሮጠ ጫማ ስፖንጁ ሞቷል፤ ዋጋው ግን አልሞተም። ከዚያ ኮፒው አለ። መርካቶ ብትሄዱ ቀለሙ ያው፣ ምልክቱ ያው ነው፤ ውስጡ ግን ተራ ስፖንጅ ነው፣ ዝርጉም ፕላስቲክ ነው። የእህቴ ልጅ አንዱን በእጁ አጥፎ አሳየኝ። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ጭቃ ላይ እንደ መሮጥ ነው» አለኝ።

ባለፈው ዓመት አንድ የ10 ኪሎ ሜትር ውድድር ላይ ላየው ሄድኩ። መነሻው ጋ ቆሜ ፊቶቹን ትቼ እግሮቹን ማየት ጀመርኩ። ከፊት ረድፍ የቆሙት፣ ማናጀር ያላቸው፣ እያንዳንዳቸው አዲስ ካርቦን አድርገዋል። ከኋላ ያሉት የተዋሱትን፣ የተለጠፈውን፣ ኮፒውን። የኛው ልጅ ከጓደኛው የተዋሰውን፣ በአንድ ቁጥር የሚበልጠውን፣ ሁለት ካልሲ ደርቦ አድርጎታል። እስከ መነሻው በአሮጌ ጫማ መጥቶ፣ ካርቦኑን ከፌስታል አውጥቶ፣ ሰዓቱ ሲደርስ ነው የቀየረው፤ አስፋልቱ እንዳይበላበት። አሥራ አራተኛ ወጣ። ማናጀሮች የሚያነሱት እስከ ስምንተኛ ያለውን ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ዙር ነው። ማናጀር የሚያነሳችሁ ሰዓት ካላችሁ ነው፤ ጫማ የምታገኙት ማናጀር ካላችሁ ነው፤ ሰዓት የሚመጣው ጫማ ካላችሁ ነው። ያ ልጅ ይህን ዙር በምን ይሰብረዋል? በችሎታ የምትሉኝ ከሆነ፣ አዎ፣ እጅግ የተለየው ይሰብረዋል። ከእሱ በጥቂት የሚያንሰው ግን፣ ትክክለኛውን ጫማ ቢያገኝ የዓለም ሻምፒዮን ሊሆን የሚችለው፣ 22 ዓመት ሲሞላው ባጃጅ መንዳት ይጀምራል። ማን እንደቀረብንም አናውቅም።

ሌላም ነገር አለ፣ ብዙ ሰው የማያወራው። ጫማው ሁሉንም እኩል አይረዳም። በኮሎራዶው ጥናት ላይ እንኳ ትርፉ ከአንዱ ሯጭ ሌላው ይለያይ ነበር፤ ከ2 ከመቶ በታች ያገኘ አለ፣ 6 ከመቶ ያገኘም አለ። በ2023 ከወጣ ሌላ ጥናት ላይ ደግሞ ሰባት የኬንያ ታላላቅ ሯጮች በተለያዩ የካርቦን ጫማዎች ተለክተው፣ ከስስ ጫማ ጋር ሲነጻጸር አንዱ እስከ 11 ከመቶ ሲጠቀም ሌላው 11 ከመቶ ያህል ተጎድቷል። እግር እንደ ሰው ነው፣ ጫማም እንደዚያው። እንግዲህ የኩባንያ ውል ያለው አትሌት አምስት ዓይነት ሞክሮ የሚስማማውን ይመርጣል። የኛ ልጅ ጓደኛው ያዋሰውን ያደርጋል። ምናልባት ያ ጫማ ለእሱ ጠላት ነው። ሊያውቅ የሚችልበት መንገድ የለም።

የደራራ ሁሪሳን ነገር የማልረሳው ለዚህ ነው። ደራራ በ2020 የሙምባይ ማራቶንን ያሸነፈው በተዋሰው ጫማ ነው፤ 2:08:09፣ የቦታው ክብረ ወሰን። በቀጣዩ ዓመት መስከረም ላይ፣ በእኛ እንቁጣጣሽ ማግስት፣ ቪየና ላይ አንደኛ ሆኖ ገባ። 2:09:22። እጁን ዘርግቶ መስመሩን አለፈ፤ ጥቂት ቆይቶ ግን ውጤትህ ተሰርዟል ተባለ። የጫማው ሶል 5 ሴንቲ ሜትር ነበር፤ የሚፈቀደው 4 ነው። ቅጹ ላይ የሞላው ሌላ ጫማ ነበር፣ አድርጎ የሮጠው ሌላ። ድሉ በሦስት ሰከንድ ተከትሎት ለገባው ኬንያዊ ሌዮናርድ ላንጋት ተሰጠ። አንድ ሴንቲ ሜትር። ደንቡ ግልጽ ነበርና አዘጋጆቹን አልወቅስም። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው፤ 42 ኪሎ ሜትር ሙሉ ከዚያ ልጅ ጋር የሮጠውን ጫማ በመነሻው ሰዓት ጎንበስ ብሎ ያየለት አንድ የራሱ ሰው አልነበረም። በዛሬው ሩጫ ሴንቲ ሜትር የሚለካ ሰው እንደ ወጌሻ ያስፈልጋል፤ እኛ ግን ገና ወጌሻውን እንኳ በቅጡ አላሟላንም።

«አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ አሸንፎ የለ?» የሚለው መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ሁልጊዜ ይመጣል። አበበ በ1960 ሮም ላይ ባዶ እግሩን የሮጠው የሚስማማው ጫማ ስላጣና በባዶ እግር መሮጥ ስለለመደ ነው። አጠገቡ የነበሩት ሰዎች ጫማ ደግሞ ከባዶ እግር የሚሻል ብዙ ነገር አልነበረውም። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ራሱ አበበ ጫማ አድርጎ፣ ከሮሙ ሦስት ደቂቃ ፈጥኖ፣ 2:12:11 ገብቷል። ባዶ እግርን እንደ ሃይማኖት የያዝነው እኛ ነን እንጂ እሱ አልነበረም። ዛሬ አንድን የ19 ዓመት ልጅ «እንደ አበበ ሁን» ብሎ መምከር ዋጋውን በእሱ ትከሻ ላይ ጥሎ መሄድ ነው።

የዓለም አትሌቲክስ ምን አደረገ? በ2020 ደንብ አወጣ፤ የጎዳና ጫማ ሶል ከ40 ሚሊ ሜትር አይብለጥ፣ ከአንድ በላይ ዝርግ አይኑርበት፣ ማንም ሊገዛው በገበያ ላይ ይዋል። የመም ጫማውን ደግሞ ከኅዳር 2024 ጀምሮ ወደ 20 ሚሊ ሜትር አወረደው። ስለ ውፍረቱ ጥሩ ነው። «ማንም ሊገዛው» የሚለው ግን ያስቀኛል። ማንም ማን ነው? ለሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪና ለሱሉልታ ነዋሪ ገበያ አንድ ነው? በነገራችን ላይ ደንቡ በኋላ ላላ፤ ኩባንያዎች ገና ለሽያጭ ያልዋለ ጫማ ለተወሰነ ጊዜ በአትሌቶቻቸው እግር እንዲሞክሩ ተፈቀደላቸው። ማለትም ከፊት ያለው ሰው የነገውን ጫማ ዛሬ ያደርጋል፤ የኛው ልጅ የትናንቱን ይዋሳል።

ጫማውን ከዓለም ማጥፋት አይቻልም፤ እኔም አልልም። አንድ ነገር ግን በእጃችን ነው፤ የራሳችን የአገር ውስጥ ውድድር። ከ20 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በሚወዳደሩበት በማንኛውም የአገር ውስጥ የጎዳና ሩጫ ላይ ካርቦን ይከልከል። ዝርግ የሌለው፣ ሶሉ ስስ የሆነ ጫማ ብቻ። ለመቆጣጠር ማስመሪያና ሁለት ዳኛ ይበቃል። እንዲህ ያለ ነገር በሌላ ስፖርት ተደርጓል። በዋና ስፖርት በ2009 የሮም የዓለም ሻምፒዮና ላይ በአዲሱ የፕላስቲክ ልብስ 43 የዓለም ክብረ ወሰን ተሰበረ፤ በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ልብሱ ታገደ፤ ዋና ዛሬም አለ፣ ክብረ ወሰንም ይሰበራል። እኛ የምናግደው ደግሞ ለዓለም አይደለም፤ የትኛው ልጅ ሳንባ እንዳለው ለማወቅ ለራሳችን ነው። ልጁ ከተመረጠ በኋላ ካርቦኑን ያድርግ፣ ይልመደው፣ ውጭ ሄዶ ይወዳደር።

ሁለተኛው ለትልልቆቹ ነው። ብሔራዊ ቡድን ከጫማ ኩባንያ ጋር ሲፈራረም ቱታና ሻንጣ ብቻ አይቆጠር። በየቁጥሩ የተወሰነ ጥንድ የውድድር ጫማ፣ ለአገር አቀፍ ሻምፒዮና የሚውል፣ ተወዳዳሪዎች በመነሻው ፈርመው የሚወስዱትና ሲጨርሱ የሚመልሱት ይኑር። ለኩባንያው ይህ ከማስታወቂያ በጀቱ የማይታይ ገንዘብ ነው፤ ማስታወቂያውም ራሱ ይሄው ነው። «ጫማው ይጠፋል» የሚሉኝ አሉ። ይጥፋ። ከሚጠፋው ልጅ አንድ ጫማ ቢጠፋ ይሻላል።

የጉምሩኩን ነገር ለሌላ ቀን ላቆየው፤ እሱ ከተጀመረ አያልቅም።

ይህን ጽሑፍ ከመለጠፌ በፊት ለእህቴ ልጅ አነበብኩለት። ካርቦን ይከለከል የሚለው ላይ ሲደርስ አቋረጠኝ።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ የምፈልገው እገዳውን አይደለም። ጫማውን ነው።»

«ካልከለከልነው እነሱ አዲስ አድርገው አንተ የተዋስከውን አድርገህ ነው የምትሮጠው» አልኩት።

«ይሁን። ግን ከከለከላችሁት እስክመረጥ ድረስ እግሬ አይለምደውም። የኬንያ ልጆች እየለመዱት ነው።»

አልተሸነፍኩለትም፣ እሱም አልተሸነፈልኝም። ለጥጃና ለባት አዲስ ስለሆነ፣ ቶሎ ካልተለመደ ያማል የሚለው እውነት ነው፤ ክርክሩን ግን አይቀይርብኝም፣ ምክንያቱም የተዋሰውን ጫማም በዓመት ሁለቴ ብቻ ነው የሚያደርገው። እናንተ ደግሞ በአሰልጣኝነትም በአትሌትነትም ያላችሁ አስተያየት መስጫው ላይ ጻፉልን፤ ከኔ የተሻለ የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

ቀጣዩ ውድድሩ ከጥምቀት በኋላ ነው። ሜሪላንድ ያለችው አክስቱ ለገና ስለምትመጣ መልእክት ልኬላታለሁ። በዚያ ዋጋ ሦስት ደህና ጫማ እገዛለታለሁ ብላ መልሳልኛለች። ሦስቱ አንዱን እንደማይተኩት ማስረዳቱ ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ፤ ቁጥሩን 42 ብዬ ልኬያለሁ።